ፉርሽካና ሞራ

የሻይ ብርጭቆው በስጋ ሻጩ መዳፍ ውስጥ ደቀቀ። ወድቆ አይደለም፤ ጨምቆ ነው ያደቀቀው። ትኩሱ ሻይ ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ በክንዱ ቁልቁል እስከ ክርኑ ሲወርድ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ግድግዳውን ተከትለው በተደረደሩት አግዳሚዎች ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ወሬያቸውን በአንድ ጊዜ ዋጡ።

«እስቲ ይድገሙልኝ፣ ሲስተር» አለ። «አሁን ያሉትን።»

ጡረታ የወጡት ነርስ የጎረቤት ሴት ናቸው። አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት በሹክሹክታ ማውራታቸው ነበር፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲጣሩ የኖሩ ሴት ናቸውና ሹክሹክታቸው የሌላውን ሰው ንግግር ያህላል። ማምለጫ እንደሌላቸው ሲያውቁ ሻርፓቸውን ወደ አንገታቸው ሰብስበው ደገሙት። የሟቹን አባቱን የመጨረሻ የደም ምርመራ ውጤት አይተውታል። ሐኪሙ ስብና ነጭ ዱቄት ከከለከለው ሰባት ወር ሆኖታል። ሰባት ወር ሙሉ ቤቱ ውስጥ የቀረበለት ፉርሽካው ያልተነፋ ዳቦና ጨው የሌለው ቅቅል ነው። በደሙ ውስጥ ያለው ስብ ግን ቅንጣት አልቀነሰም፤ ጭራሽ ጨምሯል። ሐኪሙ ግራ ቢገባው የሌላ ሰው ወረቀት ይሆን እንዴ ብሎ ስሙን ሁለት ጊዜ አንብቦታል።

«ስለዚህ?»

«ስለዚህማ ሰው በድብቅ ያበላው ነበር፣ ልጄ።»

ስጋ ሻጩ ተነሳ። ሲነሳ አግዳሚው ላይ አብረውት የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ወደ አንድ ጎን ዘመም አሉ። «ያንን ሰው ባገኘው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለጣራው፣ «ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው የማወርድለት። አጥንት በምፈልጥበት መጥረቢያ።»

ማንም ተው አላለውም። ከአባቱ የወረሰው ነገር ምን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ታናሽ ወንድሙ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ በሩ አጠገብ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ከቶ ተቀምጧል። ሳያስበው ጣቶቹን ቆጠራቸው። አስር ነበሩ። ሰባት ወር ሙሉ በየማለዳው ለአባቱ ነጭ ዳቦ ሲያበላ የኖረው እሱ ነው።

ሟቹ ባለወፍጮ ነበር። ሰፈሩ «ቋጥኝ» ነበር የሚለው፤ ሁለት ኩንታል በአንዴ ስለሚሸከም ነው የሚሉ አሉ፤ የመታውን ስለሚሰብር ነው የሚሉም አሉ። አንድ ጊዜ ዱቄቴን ቀነስክብኝ ያለውን ደንበኛ ማጅራቱን ይዞ ፊቱን ዱቄቱ ውስጥ ደፍቆ «ደህና አድርገህ እየው፣ የቱ ጋ ነው የጎደለው?» ብሎታል። ሰውየው ነጭ ፊቱን ይዞ ሲወጣ የሳቀ ሌላ ደንበኛ ደግሞ በጥፊ ሦስት ጥርሱን ለቀመ። ልጆቹን የሚቀጣው ሞተሩንና የወፍጮውን ድንጋይ በሚያያይዘው የላስቲክ ቀበቶ፣ በቺንጋ ነበር። አዲስ ሲገዛ አሮጌውን አይጥለውም። በክንድ ልክ ቆርጦ ምስማር ላይ ይሰቅለዋል።

ዳቦ ጋጋሪው በግራ ጆሮው አይሰማም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ወፍጮውን ትቼ ዳቦ ቤት ልቀጠር ነው ብሎ ለአባቱ ነገረው። ከፋብሪካ በከረጢት የሚመጣው ፊኖ ዱቄት የወፍጮውን ገበያ የገደለበት ጊዜ ነበር። አባቱ ድንጋይ እየወቀረ ነበረና መዶሻውን በእርጋታ አስቀመጠ። «የገዳዬን ዱቄት ልትጋግር ነው?» አለና በባዶ እጁ አንድ ጊዜ ብቻ መታው። አንዱ በቂ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም።

ታላቅየው ሌላ መንገድ ነበር የመረጠው። ሃያ ዓመት ሲሞላው ቺንጋውን ከአባቱ እጅ ነጥቆ፣ ሰውየውን በወገቡ አንስቶ የጆንያ ክምር ላይ ወርውሮታል። ለዚያ የከፈለው አንድ የፊት ጥርስ ነው። ቤቱን ለቅቆ ሄዶ ስጋ ቤት ተቀጠረ፤ ኋላ የራሱን ከፈተ። እሱም አባቱን ዓይኑን አላየውም ነበር። አባታቸው ጋር የቀረችው ታላቅ እህታቸው ብቻ ናት።

ከዚያ የዛሬ ሰባት ወር፣ ሐኪሙ ከከለከለው በሳምንቱ፣ ማለዳ ላይ የዳቦ ቤቱ የጓሮ በር ተንኳኳ። ዳቦ ጋጋሪው ሲከፍት አባቱ ቆሟል። ትከሻው ወርዷል፤ ኮቱ ሰፍቶታል። ገብቶ በትሪ የተደረደሩትን ዳቦዎች ለብዙ ጊዜ አየ። ከዚያ ዞሮ በልጁ ቀኝ በኩል ቆመ። የትኛውን ጆሮ እንዳደነቆረ ያውቃል።

«አንዲት» አለ። «አንዲት ብቻ።»

ትኩሱን ዳቦ በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን ጭንቅላት አሸተተው። በደህናው ጆሮው ቀስ ብሎ ነገረው፦ «እህትህ የከብት መኖ ነው የምታበላኝ። ታላቅህ አጥንት እንኳ ነፍጎኛል። ልጅ ወለድኩ ብል አንተን ነው።»

ዳቦ ጋጋሪው የዚያን ቀን ሦስት ትሪ ዳቦ አሳረረ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ቃል ናት፤ በአንዲት ዳቦ ተገኘች። አንዲት ዳቦ ምን ታደርጋለች፣ ሰውየውን የሚጎዳው ስቡ ነው፣ ደግሞ አንድ ቀን ነው አለ። በነጋታውም አንድ ቀን ነበር።

በሐዘኑ ሁለተኛ ቀን ቤቱ በሰው ሞላ። ለቅሶው ረገብ ሲል፣ እንደ ሐዘን ቤት ወግ፣ ወሬው በሕይወት ወዳሉት ጤና ዞረ። ሰው በምን እንደሞተ የሚያወራ ሁሉ እሱ በምን እንደማይሞት ማስረዳቱ አይቀርም። አንድ ባለታክሲ ስልኩ ላይ ባየው ነገር ዘይት የሚባል እርግፍ አድርጎ መተዉን ሲያወራ፣ በግራ እጁ ሦስተኛውን ነጭ ዳቦ ይዞ ነበር።

«አንተማ ዘይቱን ፈተህ ዳቦውን አገባህ» አሉት ነርሷ።

ዘይት ጨማቂው ሽማግሌ ከጥግ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከሟቹ ጋር አብረው ያደጉ፣ ከወፍጮው ፊት ለፊት ሱፍና ሰሊጥ ሲጨምቁ ያረጁ ሰው ናቸው። የእሳቸው ክርክር አጭር ነው፦ ድሮ ሰው ዘይቱን ከመጭመቂያው ስር በጣሳ ተቀብሎ ይጠጣ ነበር፤ እህሉንም ከነገለባው ይበላ ነበር፤ ዘጠና ዓመት ይኖር ነበር። አሁን ዘይቱ ጀሪካን ውስጥ እንደ ሻማ ይረጋል፤ ዱቄቱ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ ሰውም ቆሞ ሲሄድ ይወድቃል።

ነርሷ ግማሹን ተቀበሏቸው፤ ግማሹን መለሱላቸው። «ዘጠና የኖሩትን ሦስቱን ሰዎች ነው የሚያስታውሱት። አርባ ላይ የተቀበሩትን ማን ቆጥሯቸው ያውቃል? ደግሞ ያኔ ሰው ስቡን በልቶ ኩንታል ተሸክሞ ነበር የሚውለው። አሁን ስቡ አለ፤ ኩንታሉ ነው የቀረው።»

«እሱስ ኩንታሉንም ተሸክሟል» አሉ ሽማግሌው ወደ ሟቹ ባዶ ወንበር እያዩ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ስለ ሟቹ ልጅነት አወሩ።

የሟቹም አባት ባለወፍጮ ነበሩ። የተነፋው ነጩ ዱቄት ትልልቅ ቤት ላላቸው ደንበኞች ይሄዳል፤ ፉርሽካው ለከብት ይሸጣል፤ ለልጆቻቸው የሚጋገረው ከወፍጮው ወለል ላይ የተጠረገው ነው። ዱቄትም፣ ፉርሽካም፣ የድንጋይ ብናኝም አለበት። ልጆቹ በዓሥር ዓመታቸው ጥርሳቸው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተበልቶ ነበር። አንድ ቀን ያኔ ልጅ የነበረው ሟቹ ዱቄት ሊያደርስ ከሄደበት ቤት ማዕድ ላይ ነጭ ዳቦ አየ፤ በላዩ ሞራ ቀልጦ ተቀብቶበታል። ማንም አያየኝም ብሎ በጣቱ ጠረግ አድርጎ ላሰ። የቤቱ እመቤት አይታው ኖሮ ለአባቱ ነገረች።

«አባትየው ጣቱን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው በመውቀሪያው መዶሻ መቱት» አሉ ሽማግሌው። «ቆሜ እያየሁ። ስምንት ዓመቱ ነበር። አልጮኸም። በኋላ ለብቻችን ስንሆን ምን ይላል መሰላችሁ? ‹ይጣፍጣል› አለኝ።»

ዳቦ ጋጋሪው የአባቱን የቀኝ እጅ ሌባ ጣት አስታወሰ። ጥፍር አልነበረውም። ሦስቱም ልጆች ጥፍር የሌለው ጣት ሲያዩ አድገዋል፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እሱን ሰው ማን ለምን ይለዋል? ቀና ሲል ታላቅ ወንድሙ በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ሰው እየገፋ ሲወጣ አየው። ፊቱ አመድ መስሏል።

እህታቸው በዚህ መሃል ለሽማግሌው ምግብ አቀረበች። ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችና ጠርዙን ይዛ ቀረች። ሽማግሌው አንዴ ጎረሱ፣ ሁለተኛ ጎረሱ፤ እጇ አሁንም እዚያው ነው።

«ልጄ፣ ልቀቂኝ እንጂ። ይዤው አልሮጥም» አሏት።

ሰዎቹ ሳቁ። እሷ ደንግጣ ለቀቀችና እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች። ዳቦ ጋጋሪው አልሳቀም። የጣቶቿ አንጓዎች አብጠው ጠቁረው አይቷቸዋል።

ሐኪሙ ምግቡን በከለከለው የመጀመሪያ ወር አባታቸው አራት የሸክላ ሳህን ሰብሯል። ያልተነፋ ዱቄት ገንፎ ግድግዳው ላይ፣ ትኩስ የምስር ሾርባ የእሷ አንገት ላይ። ገበያ ወርዳ የቆርቆሮ ሳህን ገዛች። እሱንም ወረወረው። ከዚያ በኋላ በልቶ እስኪጨርስ ፊት ለፊቱ ተንበርክካ የሳህኑን ጠርዝ በሁለት እጇ ትይዘው ጀመር። እሱም በማንኪያው ጀርባ ጣቶቿን ይመታቸዋል። በጎረሰ ቁጥር አንድ ምት። ወንፊቱን ደግሞ በስህተት እንኳ እንዳትነፋበት ገልብጣ ከፍ ካለ ምስማር ላይ ሰቅላዋለች።

ዳቦ ጋጋሪው በአምስተኛው ወር ሊጠይቅ መጥቶ ይህን አይቷል። ጓዳ ድረስ ተከትሏት ለምን አትተይውም፣ የፈለገውን በልቶ ይሙት ብሏት ነበር። «ሐኪሙ አንድ ዓመት ከታገሠ ልቡ ይጠነክራል ብሏል» አለችው። «አምስቱን ጨርሰናል እኮ፣ ማሙሽ።» ያን ጊዜ እጅጌው ላይ የማለዳዋ ዳቦ ዱቄት ነበር። አራገፈው።

አሁንም ተከትሏት ጓዳ ገባ። ዕቃ እያጠበች ነው።

«እትዬ።»

«ምን?»

ጣቶቹን አያቸው። «ሻይ ተርፏል?» አለ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የሚመጣው ሰው ከመቀመጫው በለጠ። እህቱ ወፍጮ ቤት ያሉትን ሁለት አግዳሚዎች እንዲያመጣ ላከችው። ወፍጮ ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ ማንም አልገባበትም። የሞተው እዚያ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ እህሉ አልቆ ድንጋይ ድንጋይን ሲፈጭ የሰማችው እሷ ነበረች። ስትደርስ በጆንያዎቹ ላይ ተደፍቶ፣ ጀርባው ላይ ነጭ ብናኝ ሲወርድበት አገኘችው።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ሲገባ ከሞተሩ ጀርባ አንድ ትልቅ ሰው ተንበርክኮ ሲጎረጉር አየ። ታላቅ ወንድሙ ነው። ድምፅ ሲሰማ ቀና አለ፤ በእጁ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዟል።

«ምን ፈለግክ?» አለ ስጋ ሻጩ።

«አግዳሚ። አንተስ፣ ጋሼ?»

ስጋ ሻጩ ጣሳውን ከኋላው ሊያደርግ ሲል የቆሰለ እጁ ከዳውና ወደቀ። ክዳኑ ተፈናጥሮ እየተንከባለለ ሄዶ የዳቦ ጋጋሪው ጫማ ስር ቆመ።

ጣሳው በረጋ ነጭ ሞራ ተሞልቷል። ሞራው መሃል ላይ ቁራሽ ዳቦ ተቀብሯል። ዳቦ ጋጋሪው ጎንበስ ብሎ አየው። የዳቦው ጀርባ ላይ ሦስት የምላጭ ጭረት አለ። በዚህ ሰፈር ዳቦውን ሦስት ቦታ የሚጭረው እሱ ብቻ ነው። ከቁራሹ አጠገብ ደግሞ በሞራው ላይ የተጠረገ የጣት ቦይ ነበር፤ ዳር ዳሩ ለስላሳ፣ ጥፍር የሌለው ጣት የጠረገው።

ክዳኑን አንስቶ ጣሳው አጠገብ አስቀመጠው።

«መጥረቢያህን ይዘህ መጥተሃል?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ስጋ ሻጩ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ቁመቱ ታጠፈ። አባታቸው በየሁለት ቀኑ ይመጣ ነበር አለ። ስጋ ቤቱ ሲከፈት እንደ ማንም ደንበኛ ይሰለፋል፤ ተራው ሲደርስ «ትንሽ ሞራ» ይላል። መጀመሪያ ቀን ሊያባርረው ነበር። ከዚያ አባቱ አንገቱን ደፍቶ ‹ያኔ የወረወርከኝ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጉልበቴ አንተ ላይ መቅረቱን አየሁ› አለው። ምን ይበል? ቆርጦ ሰጠው፤ ከሞተሩ ጀርባ እንደሚደብቀው ነግሮት ስለነበር ነው ዛሬ ሊያጠፋው የመጣው። ሲስተር ሲናገሩ የሰማ ጊዜ ብርጭቆውን ሳይሆን የራሱን አንገት ነበር የያዘ የመሰለው።

«ሞራ ብቻውን ምንም አያደርግም ብዬ ነበር» አለ። «ድሮም ሰው ይበላዋል። የሚጎዳው ነጭ ዱቄቱ ነው ይባላል።»

«እኔ ደግሞ የሚጎዳው ስቡ ነው ብዬ ነበር።»

ስጋ ሻጩ ቀስ ብሎ ቀና አለ። አሁን ገና ገባው። «አንተንስ ምን አለህ?»

«ምን ይለኛል?»

«ሲወስድ ምን ይልህ ነበር ነው የምልህ!»

ዳቦ ጋጋሪው ዝም ማለት ይችል ነበር። ግን ያቺ ቃል የእሱ ብቻ ንብረት ነበረች፤ ሊያካፍላት ሳይሆን ሊያስቀናባት ፈለገ። «‹ልጅ ወለድኩ ብል አንተን ነው› ይለኝ ነበር። ‹ታላቅህ አጥንት እንኳ ነፍጎኛል› ይል ነበር።»

ስጋ ሻጩ ከተቀመጠበት ነው የተወረወረው። በትከሻው ደረቱን ሲመታው ሁለቱም የጆንያ ክምሩ ላይ ወደቁ። «ውሸታም!» እያለ ይመታዋል። «ለእኔ ነው ያለው! ‹ታናሽህ ፍርፋሪ እንኳ አይሰጠኝም› ነው ያለው፤ ለእኔ ነው!» ዳቦ ጋጋሪው አፍንጫው ሲሰበር ድምፁን በቀኝ ጆሮው ሰማው። ሊጥ ሲያሽ የኖረ ክንድ አለውና የወንድሙን የቆሰለ እጅ ያዘ፤ አውራ ጣቱን ጨርቁ ውስጥ ከትቶ ቁስሉን ከፈተው። ሰውየው እንደ በሬ አጓራ። ጆንያው ተቀደደ። ደምና ዱቄት እየተላወሱ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ፤ ታላቅየው ታናሹን በፀጉሩ ይዞ ጭንቅላቱን ከወፍጮው እግር ጋር አንዴ አጋጨው፣ ሁለቴ አጋጨው። ለሦስተኛ ሲያነሳው ጀርባው ላይ የሆነ ነገር ጮኸ።

ቺንጋ ነበር።

እህታቸው አግዳሚው ሲዘገይባት ነው የመጣችው። በሩ ላይ ቆማ ስንቱን እንደሰማች አያውቁም። ጣሳውን አንስታ አሸተተች፤ ጭረቱን አየች፤ የጣቱን ቦይ አየች፤ መሬት አስቀመጠችው። ከዚያ እጇን ወደ ምስማሩ ዘረጋች። በዚያ ቤት ሦስቱም ተገርፈዋል፤ እሷ ግን በቺንጋው ማንንም ገርፋ አታውቅም ነበር።

ሁለቱም ተነሱ። አንዱ በአንድ እጁ ሊጥላት ይችላል፤ ሌላው ሊነጥቃት ይችላል። አንዳቸውም እጃቸውን አላነሱም። የአርባና የሠላሳ ስድስት ዓመት ወንዶች ጎን ለጎን ቆመው፣ እንደ ልጅነታቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀበሉ። ትከሻ፣ አንገት፣ ፊት አትመርጥም። ሸሚዛቸው ተተለተለ። የሚሰማው የቺንጋው ፉጨትና ትንፋሿ ብቻ ነው። ክንዷ እስኪዝል መታቻቸው። ስታቆምም ይቅር ብላ አይደለም፤ ደክሟት ነው።

«እኔን ‹ገዳዬ› ነበር የሚለኝ» አለች።

ቺንጋውን ወለሉ ላይ ጣለችና አንዱን አግዳሚ ብቻዋን አንስታ ወጣች። የሚረዳት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች ባበጠ ፊት ለቅሶ ተቀመጡ። ሰው አያቸው፤ ማንም አልጠየቀም። ነርሷ ብቻ የዳቦ ጋጋሪውን አፍንጫ በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳያስጠነቅቁ ቀጭ አድርገው መለሱትና «ጥጥ» አሉ። ስጋ ሻጩ ሰው ሲቀል ጠብቆ ወደ እሳቸው ጠጋ አለ። ሞራና ነጭ ዳቦ አብረው ቢበሉ፣ በየቀኑ ቢበሉ፣ ሰባት ወር ቢበሉ ይገድላሉ ወይ ብሎ በዝግታ ጠየቃቸው። ነርሷ ፊቱን አዩት፤ ታናሹንም አዩት፤ ገባቸው። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ የተሸከመው አለ፣ የተቆጣው አለ፣ የበላው አለ፤ ልብ ግን የቱ እንደጣላት ተናግራ አትሄድም አሉት። አላጽናናውም። ሊያጽናኑትም ብለው አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ለቀስተኛው ሄዷል። አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። ዳቦ ጋጋሪው ጓዳ ሲገባ እህቱ ዱቄት ስትሰፍር አገኛት። ከነፉርሽካው፣ ሦስት ጭብጥ፤ የአንድ ሰው ልክ። ሦስተኛውን ከጨመረች በኋላ ነው ለማን እንደምትሰፍር ያስታወሰችው። እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ።

«ስጪኝ» አላት።

አልሰጠችውም፤ አልከለከለችውምም። ዳቦ ጋጋሪው ሳህኑን ወሰደ። አሥራ ሰባት ዓመት ሲያቦካ እንዲህ ያለ ሊጥ እጁ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ይሻክራል፤ አይሳብም። ጨው ሊጨምር ማንኪያ አነሳና አያት። መልሶ አስቀመጠው። ዘይት አልነካም። ሊጋግረው ሲል በላዩ ሊጭረው ምላጩን አውጥቶ ነበር፤ እሱንም ተወው።

ስጋ ሻጩ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጠራው። ጠረጴዛው ዙሪያ ሦስቱም ተቀመጡ፤ ከልጅነታቸው ወዲህ አብረው ተቀምጠው አያውቁም። ዳቦው ጠቁሮ፣ ዝቅ ብሎ፣ የቆርቆሮው ሳህን ላይ ነው። ታላቅየው ቆርሶ ጎረሰ። የጎደለው ጥርሱ ጋ ሲደርስ ወደ ሌላው ጎን አዞረው። ብዙ ጊዜ አኘከ።

«ጨው የለውም» አለ።

«አዎ።»

«በየቀኑ ይሄን?»

«በየቀኑ።»

ሌላ ቆረሰ። ዳቦ ጋጋሪውም ቆረሰ። ፉርሽካው የተሰነጠቀ ከንፈሩን ይወጋዋል፤ ለመዋጥ ውሃ ያስፈልጋል፤ ውሃ ግን ማንም አልጠየቀም። እስከ መጨረሻው ፍርፋሪ በሉት።

እስኪጨርሱ ድረስ እህታቸው የሳህኑን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ነበር።